ስለ ጠማማ እንጨትና ስለ ጎጆ

ቤት መሥራት የሰው ብቻ ጥበብ አይደለም። ወፍ ጎጆዋን ትጎነጉናለች፤ ንብ የማር እንጀራዋን በስድስት ማእዘን አስተካክላ ታዋቅራለች፤ ምስጥም በዚህ በእኛ በመተከል ቆላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ያቆማል። ዳሩ ግን ወፍ ከአያቷ ጎጆ የተለየ ጎጆ ልሥራ ብላ አትጨነቅም፤ ምስጥም የጎረቤቱን ኩይሳ አይቶ በራሱ ኩይሳ አያፍርም። በገዛ ቤቱ የሚያፍር ፍጥረት ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ስለዚህ ስለ ቤት እፍረት ጥቂት ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬም ስድሳን ከተሻገረ ሰንብቷል። የምኖረው በማንቡክ ነው። ማንቡክ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያረፉበት የበላያ ተራራም በዚሁ በእኛ ወረዳ ይገኛል። አገሩ ቆላ ነው፤ በበጋ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ በክረምት ዝናቡ መንገድ ይዘጋል። ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃና ልዩ ልዩ የዱር እንጨት ግን ከድሮ ጀምሮ የሞላበት አገር ነው።

በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከነበሩት የንባብ መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤት ተሥላ ነበር። ክዳኗ እንደ ቆብ ወደ ዐይኗ ወርዷል፤ በሯ ጠመም ያለ ነው፤ መስኮቷ ክብ ነው፤ ግድግዳዋም ሆዱን ገፋ አድርጎ የጠገበ ሰው ይመስላል። በደጃፏ አበባ፣ በጣራዋ ላይ ጢስ ነበረ። በክፍላችን ያቺን ቤት ያልተመኘ ልጅ አልነበረም፤ መጽሐፉ ሲከፈት ገጹ በራሱ እዚያ ላይ እስኪገለጥ ድረስ በጣታችን ዳስሰነዋል። በዚያን ጊዜ ማናችንም ያልጠየቅነው ነገር ቢኖር ያቺ ቤት ከምን ተሠራች የሚለውን ነው። ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ነበር የተሠራችው። እኛም ደወል ሲደወል ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ወደ ተሠሩት ወደ እናቶቻችን ቤቶች እንሮጥ ነበር፤ በመንገድም «እኔ ሳድግ እንደ ሥዕሉ ያለ ቤት እሠራለሁ» እንባባል ነበር።

ሌላም ተረት ነበረ። እርሱን እናንተም ታውቁት ይሆናል፤ የሦስቱ አሳሞች ተረት ነው። ፊተኛው አሳማ ቤቱን ከገለባ ሠራ፤ ሁለተኛው ከጭራሮ ሠራ፤ ሦስተኛው ከጡብ ሠራ። ተኩላ መጥቶ እፍ ባለ ጊዜ የሁለቱ ቤት ተበተነ፤ የሦስተኛው ግን ጸና። ተረቱ ስንፍናን ስለሚነቅፍ በመልካም የተጻፈ ነው። ነገር ግን በሣር ቤት ለሚያድር ሕፃን በጆሮው ሌላም ነገር ያንሾካሹክለታል፤ «አባትህ ሰነፍ ነው» ይለዋል። ስለዚህ እኔ በማንቡክ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህ ተረት በደረሰ ቁጥር «ከሦስቱ ብልኁ ማን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። «ይህን ተረት የጻፈው ሰው አገሩ ምን ይመስላችኋል?» እያልሁ እጠይቅ ነበር። አንዱ ልጅ «ብርድ የበዛበት ነው» አለ። ሌላው ትንሽ አስቦ «ምስጥ የሌለበት አገር ነው፤ ምስጥ ቢኖርማ ተኩላውን ማን ይጠብቅ ነበር!» አለና ክፍሉን በሣቅ ሞላው። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን ከኋላ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ሦስቱ ወንድማማች አይደሉም እንዴ? ለምን በደቦ አልሠሩም?» አለችኝ። እኔም በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ከተማሪ አልሰማሁም።

በጡረታዬ ጊዜ ስላገኘሁ የዚያችን የሥዕል ቤት የዘር ሐረግ ፈልጌ አነበብሁ። ነገሩ የሚያስገርም ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1783 የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አጠገብ የገበሬ መንደር የሚመስል መንደር ማሠራት ጀመረች። የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ ኩሬ፣ ወፍጮም ተሠራ፤ ወፍጮው ግን ለመታየት እንጂ እህል ለመፍጨት አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግድግዳው ነው። ቤቱ አዲስ ሳለ ያረጀ እንዲመስል ሠዓሊዎች በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ሣሉበት። እናቶቻችን በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ጭቃና ጭድ እየረገጡ የሚደፍኑትን ስንጥቅ፣ ያቺ ንግሥት በገንዘብ አሣለችው! ከጥቂት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ ተነሣ፤ እርሷም በ1793 ተገደለች።

በእንግሊዝ አገርም በብሪስቶል ከተማ አጠገብ፣ በ1811 ገደማ፣ ጆን ናሽ የተባለ ስመ ጥር የሕንፃ ሊቅ ብሌዝ ሐምሌት የተባለ ትንሽ መንደር ሠርቷል። ቤቶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው እንዳይመሳሰል ተብሎ የታቀዱ ናቸው። ያሠራቸውም ባለጸጋ የቤቱ ሎሌዎች የነበሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች እንዲጦሩባቸው ብሎ ነው። ይህኛው ከንግሥቲቱ ሥራ ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ ጋን የሚጣድበት ምድጃ አለው። ከዚያ ወዲህ በተረት መጻሕፍትና በፊልም የምናያቸው ጠመምመም ያሉ ጎጆዎች ብዙዎቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው።

ዳሩ ግን ከነዚህ የጨዋታ ቤቶች በፊት እውነተኛው የእንግሊዝ ገበሬ ቤት ነበረ። እርሱ የጠመመው ለመታየት ብሎ አይደለም። አናጢው ከዱር ጎበጥ ያለ ትልቅ ዛፍ መርጦ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ሁለቱ ክፋዮችም እንደ መንታ ስለሚመሳሰሉ ፊት ለፊት አቁሞ ጫፋቸውን ያገናኛቸዋል፤ ጣራውም በእነርሱ ላይ ይቀመጣል። መርከብ ሠሪዎችም እንዲሁ ከኦክ ዛፍ የጎበጠ ቅርንጫፍ በብርቱ ይፈልጉ ነበር። ምክንያቱም ዛፉ ራሱ ሲያድግ የጎበጠው እንጨት ጭረቱ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ቀጥ ያለውን ቆርጠህ በሚስማር ብታጋጥመው ግን ጭረቱ በመጋጠሚያው ላይ ይቋረጣልና ኀይሉ እዚያ ያልቃል። ይህን ያነበብሁት በመጽሐፍ ነው፤ መጀመሪያ የሰማሁት ግን በማንቡክ ዱር ውስጥ ነው። ወደዚያም እመጣለሁ።

ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የእንጨት ቤት የድኻ ቤት ብቻ እንዳልነበረ ድንጋዩ ይመሰክራል። በአክሱም የቆሙትን ሐውልቶች ተመልከቱ። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. እንደ ገና የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። በእርሱ ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው? በርና መስኮት፣ ደርብ በደርብ፣ በየደርቡም መካከል የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ክብ ክብ የእንጨት ጫፎች ናቸው። እነዚያ ጫፎች በእውነተኛው ቤት ግድግዳውን አቋርጠው የሚያስሩት አግዳሚ እንጨቶች ናቸው፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በእንጨትነታቸው ይታያሉ። በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ ተነባብሮ ተሠርቷል። በላሊበላ ደግሞ ቤተ አማኑኤል ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ ሳለ፣ ጠራቢዎቹ የእንጨቱንና የድንጋዩን ረድፍ በዐለቱ ላይ አስመስለው አወጡት። ዐለት ለመፈልፈል የበቁ ሰዎች በዐለቱ ላይ የቀረጹት የአናጢውን ቤት ነው። በእንጨት ቤት ቢያፍሩ ኖሮ ይህን ባላደረጉት ነበር።

የሥዕሏን ቤት የምትመስል ቤት በአገራችን ማየት የሚወድ ደግሞ ከአርባ ምንጭ በላይ ወደ ጋሞ ተራራ፣ ወደ ዶርዜ ይውጣ። የዶርዜ ሰው ቀርከሃ ሰንጥቆ እንደ ቅርጫት የሚጎነጉነው ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ከፍ ይላል። ከፊቱ ወጣ ያለው መግቢያው እንደ ዝሆን ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ ቀዳዳዎች እንደ ዝሆን ዐይን ናቸው። በዚያ አገር ድሮ ዝሆን ይኖር ነበር፤ ቤቱም የእርሱ መታሰቢያ ነው ይላሉ። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ሲሄድ ሰዎቹ የተበላውን ይቆርጡና ቤቱ ጥቂት ይወርዳል። እንዲህ እያጠረ ከአንድ ትውልድ የሚያልፍ ዕድሜ ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም ብዙ ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ከባለቤቱ ጋር የሚያረጅና ከባለቤቱ ጋር ጉዞ የሚሄድ ቤት ነው። ከዚህ የበለጠ የተረት ቤት ምን አለ?

አሁን ወደ ማንቡክ ልመለስ። ወደዚህ አገር በመምህርነት የመጣሁት ገና ጎልማሳ ሳለሁ ነው። ጎጆ መውጣት በደረሰብኝ ጊዜ ቤት የሠሩልኝ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ናቸው። ሠሩልኝ ማለቴ ትክክል አይደለም፤ አሠሩኝ ብል ይሻላል፤ በገንዘብ አልሠራም ብለው በደቦ ከነልጆቻቸው መጡና እኔንም መጥረቢያ አስያዙኝ። ቀን በበቂ አማርኛ፣ ሲቈጡ በጉሙዝኛ ይናገሩ ነበር፤ ስለዚህ እንጨት መምረጤ መልካም መሆኑንና አለመሆኑን በቋንቋቸው አውቅ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከደጋ የመጣ ባሕር ዛፍ አልፎ አልፎ በገበያ ይሸጥ ነበር፤ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። «አባቴ፣ ይህን ገዝተን ለምን አንገላገልም?» አልኋቸው። እርሳቸውም አንዱን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይህ ለፍየል በረት ይበቃል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ዱር ወሰዱኝ። ክርክራ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ፣ ባላ ያለውን እየመረጡ በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ ያደርጉና ድምፁን ያዳምጣሉ። አንዱን ጠማማ ዛፍ አስቆረጡኝና «ልጄ መምህር፣ ይህ ዛፍ አርባ ክረምት ከነፋስ ጋር ታግሎ ነው እንዲህ የሆነ። አንተ ልጆቹን አስተምር፤ እርሱ ግን ትምህርቱን ጨርሷል» አሉ።

ሥራቸው በጥድፊያ አልነበረም። ሽመሉ የሚቆረጠው ዝናቡ ካለፈ፣ ምድሩ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ በግንዱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ውሃ ስለሚቀንስ ነቀዝ ቶሎ አይገባበትም። የዓመቱን ለጋ አያስነኩም ነበር። ሽመል በአንድ ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው፤ እንጨትነቱ የሚጠነክረው ግን ሦስት ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። «ረጅም ሁሉ አዋቂ አይደለም» እያሉ እኔን ከላይ እስከ ታች ይመለከቱኝ ነበር፤ እኔም ቁመቴ ረዘም ያለ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን የእኛ የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን ወይም ወደ ድፍን የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ለማገርም ለወጋግራም ይሆናል። ከተቆረጠ በኋላ በወንዝ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭነው ያሰነብቱታል፤ ይህም ነቀዝ የሚወደውን ነገር ውሃው አጥቦ እንዲወስደው ነው። ወደ መሬት የሚገባውን የቋሚውን እግር በእሳት ለብለብ አድርገው ያጠቁሩታል፤ በጉድጓዱም ዙሪያ አመድ ይጨምራሉ። ምስጥን ፈጽሞ የሚያሸንፍ ነገር የለም፤ ነገር ግን ማዘግየት ይቻላል።

በቤቱ ውስጥ አንድ ሚስማር አልገባም። ባላው የአግዳሚውን አንገት ይይዛል፤ ልጥ ያስረዋል፤ ልጡ ሲደርቅ ይጠብቃል። ግድግዳው እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ጭቃ ተመረገበት። ጣራው መሬት ላይ እንደ ትልቅ ጃንጥላ ታስሮ ካለቀ በኋላ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በዙሪያው ገብተው ወደ ላይ ብድግ አደረጉት። በዚያች ቅጽበት ከጣራው በታች የሚታየው ሃያ አራት እግር ብቻ ነበር፤ ልጆች «ቤቱ ተራመደ!» ብለው ጮኹ። ሴቶቹ ሰንበሌጡን አጭደው፣ በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት በሁለቱ ጫፍ ሚዛን አድርገው ተሸክመው አመጡ። የጉሙዝ ሴት ሸክም እንዲህ ነው፤ እንደ ሚዛን ስለ ሆነ ስትራመድ ያጎነብሳል እንጂ አያዘነብልም። ሰንበሌጡ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የበጋው ሰደድ እሳት ሳይቀድም ነው። ቤቱ አልቆ ቆሜ ስመለከተው ከአንድ ወገን ሆዱን ገፋ አድርጎ፣ በሩ ጥቂት ጠመም ብሎ፣ ክዳኑ ወደ ግንባሩ ወርዶ አየሁት። ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ወርዶ በማንቡክ የተቀመጠ መሰለኝ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውንም የቤት አሠራር አይቻለሁ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን አምጥቶ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ አሰፈረ። ቤት የሚሠሩላቸውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሆነው በዘመቻ መጡ። ቤቶቹ በመስመር ቀጥ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መንደሮቹም ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው፤ እስከ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። ተማሪዎቹን አልነቅፍም፤ መጽሐፍ የያዘ እጅ መጥረቢያ ያዘ፤ እጁም ደማ። ነገር ግን ያ ቤት ለማን እንደሚሠራ የሠሪው እጅ አያውቅም ነበር። የወሎው ሰው ያደገው በድንጋይ ቤት፣ የሐዲያው ሰው ከብቶቹም አብረውት በሚያድሩበት በሰፊው ጎጆ ነበረና ሁለቱም አንድ ዓይነት ጠባብ ጎጆ ተሰጣቸው። ወባውም ብዙ ሰው ጨረሰ። መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ሲከፋፈል ደግሞ ሲያርሱበትና ሲያድኑበት የኖሩት ጉሙዞች ወደ ዱር ገፋ አሉ። የኋለኛው ዘመን መከራ ሥሩ በብዙ ቦታ ነው፤ አንዱ ግን በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኋለኛው ዘመን መከራ ያልሁት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰውን ነው። እናንተ በዜና ሰምታችሁታል፤ እኛ አይተነዋል። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተሰደደ፤ ከቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራም ሕዝብ በሸራ ሥር ተጠለለ። ጎጆዎች ተቃጠሉ። የጉሙዙም፣ የአማራውም፣ የአገዉም፣ የሺናሻውም፣ የኦሮሞውም ጎጆ ሲቃጠል ጢሱ አንድ ዓይነት ነው። ያ ሽማግሌው ያሠሩኝ ቤቴም ተቃጠለ። እርሳቸው ከዚያ በፊት በዕድሜያቸው አርፈው ነበርና አላዩትም። ከአመዱ ውስጥ የቀረው የክርክራው ባላ ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩ ጠቍሮ ቆሟል። በሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚናፍቅ ታውቃላችሁን? አልጋውን ወይም ሣጥኑን ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ የሰማሁት ሁሉ ግን ስለ በሩ ሲያወራ ነው፤ «በሬን ዘግቼ» እያለ።

ሰላሙ ጥቂት በጥቂት ሲመለስ ሰውም ተመለሰ። ከተመለሱት አንዲት ባሏ የሞተባት የአገው ሴት ነበረች፤ ቤቷ ከነጎተራው አመድ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቤት ልትሠራ ተነሣች። ቋሚ የሚተክል ሰው ሞልቷል፤ ጣራ መሬት ላይ ማሰር የሚያውቅ ግን በአካባቢው የዚያ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ብቻ ነበረ። እርሱም ራሱ ቤቱ ተቃጥሎበት በዱር ከርሞ የመጣ ነው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ «እንዴት ከእነርሱ ወገን የሆነ ጣራ ያስራል?» አሉ። በእርሱም ወገን «እንዴት ለእነርሱ ታስራለህ?» እንዳሉት ኋላ ነገረኝ። እኔን ሽማግሌ ነህ ብለው ቢጠይቁኝ «ባለቤቲቱ ትናገር» ብዬ ዝም አልሁ። እርሷም «ሣሩን እኔ አጭዳለሁ፤ ጣራውን እሱ ይሰር። የሚያፈስ ጣራ የወገኔ ቢሆን ምን ይረባኛል?» አለች።

በተቀጠረው ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣቱ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር መጣና ከእርሻው ዳር ቆመ፤ አልቀረበም። እዚህ ያለውም ሰው አልተነቃነቀም። ያን ያህል ዝምታ በፈተና ክፍል እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሴቲቱ ጀበናውን አስቀምጣ ወደ እነርሱ ሄደችና «ምነው ውጭ ቆማችሁ? ግቡ እንጂ» አለቻቸው። የሚገባበት ቤት ግን ገና አልነበረም፤ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ብቻ ነበሩ። እነርሱም በጉድጓዶቹ መካከል፣ በር ሊሆን በታሰበው በኩል ዞረው ገቡ። ከዚያ በኋላ ቡና ተጠጣ። በዚያ ቀን ጣራው በአሥራ አምስት ሰው ተነሣ፤ ማን የማን ወገን እንደ ሆነ ከሥሩ ከሚታየው እግር መለየት አይቻልም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እኔን የቆርቆሮ ጠላት አድርገህ እንዳታስበኝ። ቆርቆሮ እሳት ቶሎ አይዘው፤ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ክዳን መቀየርንም ያስቀራል። ከጎጆ ውጭ ሌላ ቤት ያላየች ወጣት ቆርቆሮ ብትመኝ አልፈርድባትም፤ የእኔም የአሁኑ ቤቴ ግማሹ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ነገር ግን ሚያዝያ ላይ በማንቡክ ቀትር በቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው ሣር ለምን እንደ ተፈጠረ ያውቃል። ደግሞም ምስጥ ቆርቆሮውን ባይበላ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ይበላል፤ እንጨት መምረጥ የማያውቅ ሰው ቤት በቆርቆሮም ይወድቃል። የእኔ ክርክር ከቆርቆሮው ጋር ሳይሆን ከእፍረቱ ጋር ነው። ዛሬ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በየሐይቁና በየተራራው በተሠራ ሎጅ፣ በሣር ክዳን ሥር አንድ ሌሊት ለማደር ብዙ ብር ይከፍላሉ፤ ሥዕሉንም አንሥተው ለወዳጆቻቸው ይልካሉ። በዚያው ሎጅ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ግን እንዲህ ባለ ጎጆ እንደ ተወለደች ለጓደኞቿ አትናገርም። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚደርስ ቀርከሃ እንዳላት ይነገራል፤ ከዚህም የሚበልጠው የቆላው ሽመል ነው፤ አብዛኛውም በምዕራብ፣ በእኛ በኩል ይገኛል። ዳሩ ግን ሽመል በብዙ አሥር ዓመታት አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ፣ ጫካው በሙሉ የሚደርቅ ተክል ነው። ከዘሩ እንደ ገና እንዲበቅል ምድሩ መጠበቅ አለበት፤ በዚያ ጊዜ ሰደድ እሳት ካገኘው፣ ወይም ለእርሻ ከተመነጠረ፣ ከብትም ከገባበት አይመለስም። ክርክራውም ለከሰል ይቆረጣል። ሰንበሌጥ የሚበቅልበት ሜዳ እየታረሰ ስለ ሄደ ሴቶቹ ዛሬ ሣር ለማምጣት ድሮ ከሚሄዱት እጥፍ ይጓዛሉ። ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር እንጨቱ ቢኖር ምን ይጠቅማል እንል ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰውየው ተገኝቶ እንጨቱን ፍለጋ ሆነናል።

ያ ወጣት ከሴቲቱ ቤት ወዲህ ለብዙ ሰው ጣራ አስሯል። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ዳር ያለውን የሽመል ጠርዝ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ አጥሮታል፤ የአጥሩንም ምሰሶ ከክርክራ አልቆረጠም፤ ከደጋ የመጣ ባሕር ዛፍ ገዝቶ ነው የተከለው። አያቱ ቢያዩ እንደሚሥቁ ነገርሁት። ሦስት ተማሪዎችም ይዟል። አንዷ የዚያች ባሏ የሞተባት ሴት ልጅ ናት፤ ጣራ ማሰር የወንድ ሥራ ነው ብለው የተቈጧት ሰዎች አሉ፤ እርሷ ግን ልጥ ስትጠመዝዝ ከሁለቱ ወንዶች ትበልጣለች። ዘንድሮ የሚያስሩት የእኔን የወጥ ቤት ጣራ ነው። ሽመሉ ከወንዝ ወጥቶ በጥላ ተደርድሯል፤ ከእሳት የተረፈውን የድሮውን ባላም ዳር ዳሩን ጠርበው ለበሩ አዘጋጅተውታል። የቀረው ሰንበሌጡ ነው፤ እርሱም ገና አልደረቀም።